በበረዶ ሜዳው መብራት የታየኝ ሰው

ለምወድሽ እህቴ ለሐይማኖት፤

እንደምን ነሽልኝ? ብርዱ እንዴት ያዘሽ? ያ ቀኝ ትከሻሽን የሚወጋሽ ነገር ካሜራውን ስትሸከሚ ይብስብሻል ወይስ ተሻለሽ? ልጅሽ ማህሌትስ እንዴት ናት? ሳሏ ለቀቃት? እህል መብላት ጀመረች? ገና በቀን ዘጠኝ ሰዓት ይመሻል ባልሽኝ አገር ልጅ ምን ተጫውታ ትውላለች እያልኩ አስባለሁ። እኔ ፈጣሪ ይመስገን ደኅና ነኝ። በኅዳር ወባ ጥሎኝ ነበር፤ ጎረቤቴ እትዬ ሐጂራ አጥሚት እያመላለሱ አነሡኝ። ጉልበቴ ገና ሙሉ ለሙሉ አልተመለሰም እንጂ ፎቶ ቤቱን ከፍቼ እውላለሁ፤ ጾሙንም እንደምንም ይዤዋለሁ።

ስልኩ ከተቋረጠ ሰንብቷል፤ ኢንተርኔቱማ ከድሮም የለም። ስለዚህ ይህን ደብዳቤ ለአውቶቡስ ሾፌሩ ለአብዱልመሊክ እሰጠዋለሁ። እሱ አዲስ አበባ ላለችው ልጄ ለኤደን ያደርስልኛል፣ ኤደን ደግሞ ገጽ በገጽ ፎቶ አንሥታ በስልክሽ ትልክልሻለች። ፈጥነህ አድርስልኝ ብዬ ብለምነው፣ «ጋሼ፣ እኔ የምነዳው መኪናውን ነው፤ መንገዱን አይደለም» አለኝ። እውነቱን ነው። መንገዱ አንድ ቀን ይከፈታል፣ አንድ ቀን ይዘጋል፤ ለምን እንደሆነ የሚነግረን የለም።

ወሬዬን ከማውጋቴ በፊት ግን አንድ ነገር ላስቀድም። ቅዳሜ ልጆች በረዶ ላይ ወደሚጫወቱበት ወደዚያ የበረዶ ቤት ማህሌትን ይዘሽ እንዳትሄጂ። አንቺም አትሂጂ። ውድድሩ ትልቅ እንደሆነ፣ ፎቶው ካማረላቸው በቋሚነት እንደሚቀጥሩሽ ጽፈሽልኛል። ይህን እያወቅሁ ነው አትሂጂ የምልሽ። ምክንያቱን እንደሆነው እንደሆነው በተራ እነግርሻለሁ። በጥድፊያ ብጽፈው የሽማግሌ ፍርሃት ይመስልሻል፤ አንቺ ደግሞ ከልጅነትሽ ጀምሮ በዓይንሽ ያላየሽውን አታምኚም።

የላክሻቸው ፎቶዎች በፍላሽ ተገልብጠው፣ ከማስታወሻሽ ጋር ባለፈው ሳምንት ደረሱኝ። በረዶው አመድ መሰለብኝ፣ አንዱ ፎቶ ቢጫ አንዱ አረንጓዴ ሆነብኝ፣ ምን ላድርግ ብለሻል። መጀመሪያ ያየናቸው ከእትዬ ሐጂራ ጋር ነው። የስፌት መኪናቸውን ትተው መጥተው ከጀርባዬ ቆሙና፣ «እነዚህ ልጆች ምን አጥፍተው ነው በረዶ ላይ በዱላ የሚያባርሯቸው?» አሉኝ። የገና ጨዋታ ማለት ነው፣ የሚመቷት ሩር ብቻ ጠፍጣፋ ናት አልኳቸው። አንዱ ልጅ ተዘርሮ የወደቀበትን ፎቶ ሲያዩ ደግሞ፣ «ወላሂ የእኛዎቹ ጭቃ ላይ መውደቃቸው ይሻላል፤ ጭቃ አጥንት አይሰብርም» ብለው ሳቁ። እኔም ሳቅሁ። ከዚያ ቀን ወዲህ በደንብ የሳቅሁ አይመስለኝም።

የጠየቅሽኝን ልመልስልሽ፤ ነገሩም የተገኘው ከዚሁ ነው። በረዶው አመድ የሚመስለው ካሜራው ስለሚፈራ ነው። ነጭ ሲበዛበት ብርሃን የበዛ ይመስለውና ሁሉንም ያጨልመዋል። ጥምቀት ላይ ቀትር በሆነ ሰዓት ነጭ ለባሹን ሕዝብ ሳነሣ የሚገጥመኝ ይኸው ነው፤ የሰዉ ነጠላ ሁሉ የእጣቢ ውኃ ይመስላል። መፍትሔው ካሜራውን አለማመን ነው። በራስሽ እጅ ከፍ አድርገሽ አብሪው፤ በረዶው ነጭ ሊሆን ትንሽ ሲቀረው አቁሚው፣ ከዚያ በኋላ ልጆቹ ቢሮጡም ቢወድቁም አትነካኪው። ቀለሙ የሚቀያየርብሽ ደግሞ መብራቱ ስለሚርገበገብ ነው። ለዓይን አይታይም እንጂ በአንዲት ሰከንድ ውስጥ መቶ ጊዜ ይደምቃል፣ መቶ ጊዜ ይከስማል። ካሜራሽ ፈጥኖ ሲዘጋ አንዱን ሲደምቅ፣ ሌላውን ሲከስም ይይዘዋል። ጀውሃ በአንድ የሰርግ አዳራሽ ሙሽራዋ በአንዱ ፎቶ ጤነኛ፣ በሚቀጥለው የወባ በሽተኛ ሆና የወጣችብኝ ጊዜ የደረሰብኝ ይኸው ነው። ቀስ ብሎ እንዲዘጋ ብታደርጊው ቀለሙ ይስተካከላል፣ ልጆቹ ግን እንደ ጭስ ተንነው ይቀራሉ። የካሜራው ፍላሽማ ያሳውራቸዋል፤ ሜዳውን የከበበው መስተዋትም ብርሃኑን ወደ አንቺው ይመልሰዋል።

ለዚህ ነው ያኔ ስልኩ ሳይቋረጥ፣ ከማዕዘኑ መስተዋት ሥር ሁልጊዜ አንድ ቦታ ቁሚ፣ እያከታተልሽ ደጋግመሽ አንሺ፣ ከብዙው አንዱ መብራቱ ሙሉ በሆነበት ቅጽበት ይወጣልሻል ብዬ የመከርኩሽ። አንቺም እንዳልኩሽ አደረግሽ። የተበላሸውንም ሳትጥይ ሁሉንም ላክሽልኝ። ምነው በጣልሽው እላለሁ፤ ደግሞ እንኳንም አልጣልሽው እላለሁ።

በረዶው ነጭ እስኪሆን አንዱን ፎቶ በኮምፒውተር ሳበራው ከመስተዋቱ ማዶ ያለው ጨለማ አብሮ ገረጣ። አንቺ ጥቁር አድርገሽ ያየሽው ቦታ የተመልካች ወንበር ነው። ሰዎች ታዩኝ። እናቶች አሉ፣ ብርድ ልብስ የተከናነቡ አሮጊቶች አሉ። ከሁሉም በላይ ባለው ረድፍ ከምሰሶው ጥግ አንድ ሰው ብቻውን ተቀምጧል። ኮፍያውን ፊቱ ላይ ደፍቷል። ጉልበቱ ላይ ቡኒ ጥቅል አለ። የልጁን ልብስ የያዘ አባት ነው ብዬ አለፍኩት። የሌላውን ቅዳሜ ፎቶ ስከፍት እዚያው ነው። ከዚያ በፊት ባለውም እዚያው። ጎል ገብቶ ሰው ሁሉ እጁን አንሥቶ በቆመበት ፎቶ እሱ ብቻ ተቀምጧል፤ ጥቅሉም ከጉልበቱ አልወረደም።

መጀመሪያ አንቺን የሚያይ መስሎኝ ነበር። በኋላ ደጋግሜ ሳስተውል ፊቱ ወደ አንቺም ወደ ጨዋታውም አይደለም። ትንንሾቹ ተራቸውን የሚጠብቁበት አግዳሚ አለ አይደል፣ ከበሩ አጠገብ? ወደዚያ ነው። በአንዱ ፎቶ ዳር ላይ ማህሌት ቢጫ ኮፍያዋን አድርጋ እግሯን እያወዛወዘች ተቀምጣለች።

በዚህ መሐል መብራት ሄደ። በማግሥቱም አልመጣም። ከተማው ራሱ ዝም ብሏል። ማሾው ተሰብስቦ አልቋል፣ ማሽላው ግን እርሻ ላይ ቆሞ ወፍ ይበላዋል፤ ሰው ከመሸ ወደ ማሳው መሄድ ፈርቷል። ገበያው ሳይሞላ ይበተናል። ውሾቹ እንኳ ቀን ይተኛሉ። ሚካኤል ሄጄ ቆምኩ፤ ቅዳሴው ሲያልቅ ምን እንደተባለ አላውቅም ነበር። ዓይኔን ስከድን የሚታየኝ ያ የተደፋ ኮፍያ ነው። ጌታ ሆይ፣ የማላውቀውን ሰው በከንቱ ጠርጥሬ እንደሆነ ይቅር በለኝ፣ እውነት እንደሆነ ግን አሳየኝ አልኩ። እንዲህ ያለ ጸሎት ሰው ሊጸልይ ይገባው እንደሆነ እስካሁን አላውቅም።

አሁን አንቺ የማታውቂውን ልንገርሽ። በጥቅምት አንድ ሰው ፎቶ ቤት መጣ። ሙሉቀን እባላለሁ፣ ትውልዴ ማጀቴ ነው፣ የምኖረው ግን እህትህ ባለችበት አገር ነው፤ ልመለስ ስለሆነ የምትልክላት ካለህ ልውሰድልህ አለኝ። ጨዋ ሰው ነው። ግድግዳው ላይ የባለቤቴን ፎቶ ሲያይ ተነሥቶ ነፍስ ይማር አለ። እንዲህ ያለውን ሰው፣ ለዚያውም የመንገደኛ ዕቃ ልሸከምልህ ብሎ ቤትህ ድረስ የመጣውን፣ የማን ልጅ ነህ ብሎ መመርመር በእኛ ዘንድ ነውር ነው። እንዳያመልጠን እንሯሯጣለን እንጂ። የኤደን እናት በሕይወት ብትኖር ኖሮ ከበሩ ሳያልፍ እናቱን ከነአያቷ ታስቆጥረው ነበር። እኔ ግን ወንበር አቀረብኩለት።

የቤትሽን አድራሻ ለማንም እንዳልሰጥ ያስጠነቀቅሽኝን አልረሳሁም። ጠየቀኝ፤ አላውቀውም አልኩት። ባዶ እጁን ልሸኘው ግን አልሆነልኝም። በርበሬውን፣ ሽሮውን፣ ለማህሌት ያሰፋሁላትን ቀሚስ አንድ ላይ አድርጌ ለእትዬ ሐጂራ ሰጠኋቸው፤ እሳቸውም የፎቶ ቤቱን አሮጌ ቀይ መጋረጃ ቆርጠው ዙሪያውን ሰፉልኝ። ማህሌት ከጀርባው እየተደበቀች «ጋሼ፣ ፈልገኝ» ትለኝ የነበረውን መጋረጃ ማለቴ ነው። ስታየው ደስ ይላታል ብዬ ነው እሱን የመረጥኩት። ከዚያም የበረዶ ቤቱን ስም ከድሮ ፎቶሽ፣ ግድግዳው ላይ ካለው ጽሕፈት ፊደል በፊደል ገልብጬ ጨርቁ ላይ በወፍራም እስክሪብቶ ጻፍኩበት። የሕዝብ ቦታ ነው፣ ሕዝብ ባለበት ምን ክፉ ይመጣል አልኩ። ለአንቺ ሳልነግርሽ ድንገት ይድረስሽ ብዬ ቆየሁ፤ ልነግርሽ ስል ደግሞ ስልኩ ተቋረጠ።

መብራቱ ሲመለስ ያንን ያከታተልሽውን ፎቶ አንድ በአንድ ማየት ጀመርኩ። ቢጫ፣ አረንጓዴ፣ ጭለማ፣ ደግሞ ቢጫ። የሰውየው ጥቅል በሁሉም ቡኒ ነው። መብራቱ ሙሉ በሆነባት በአንዲቷ ፎቶ ብቻ በረዶው እንደ ጥጥ ነጣ፣ የልጆቹ ጉንጭ ቀላ፣ ጥቅሉም ቀይ ሆነ። እትዬ ሐጂራን ጠራኋቸው። መነጽራቸውን አድርገው ተጠጉና፣ «ጠርዙን አጉላልኝ» አሉ። አጎላሁት። «ይሄ የእኔ እጅ ነው። ቀይ ክር አልቆብኝ ከመሐል በነጭ የቀጠልኩት» አሉ። መነጽራቸውን አውልቀው ደግሞ፣ «ተክሌ፣ አደራ የያዘ ሰው ባለቤቱን ፊት ለፊት እያየ ቅዳሜ በቅዳሜ ምን ይጠብቃል?» ብለው ጠየቁኝ። ስፌታቸውን ትተው እስኪመሽ ከእኔ ጋር ተቀመጡ።

በዚያችው ፎቶ ላይ ሰውየው ቀና ብሏል። ሙሉቀን ነው ብዬ ነበር የጠበቅሁት። አይደለም። ይልማ ነው።

ይህን ስም በደብዳቤም ሆነ በስልክ እንዳልጠራብሽ ቃል ገብቼልሽ ነበር፤ ቃሌን አፍርሻለሁ። የማህሌት አባት፣ ጥርስሽን የሰበረው ይልማ ራሱ ነው። ጢሙን ተላጭቷል፣ ከስቷል። ሽማግሌ ፊት አስታርቁን ብሎ በቀረበ ጊዜ ድምፁን ከፍ ሳያደርግ፣ «ተራራ ከተራራ ነው የማይገናኝ፤ እኔ ልጄን አልተውም» ብሎ ፈገግ ያለበት ፊት ግን ያው ነው። ያን ቀን ሽማግሌዎቹ የአባት ፍቅር መሰላቸው። አንቺ ብቻ ነሽ የገረጣሽው።

ዓይኔ አታሎኝ እንዳይሆን ብዬ በባጃጅ ጀውሃ ሄድኩ። የይልማ የጭነት መኪና ሁልጊዜ የሚቆምበት ቦታ ባዶ ነው። ሾፌሮቹ የሚበሉበት ምግብ ቤት ገብቼ፣ ይልማን ፈልጌ ነበር አልኩ። ባለቤቷ ሴትዮ ሳህን እያነሣች፣ «ይልማማ መኪናውን ሸጦ አምና ባሕር ተሻገረ። አልሰማህም? ልጁን ሊያመጣ ነው የሄደው። ሲመለስ ድግስ አለኝ ብሎ እኛን ሁሉ ጠርቶናል» አለችኝ። ሙሉቀን የሚባል ሰው ታውቂያለሽ ወይ አልኳት። «የአክስቱ ልጅ አይደል እንዴ። በጥቅምት መጥቶ እዚሁ በልቶ ነው የሄደ» አለች። ከዚያ ፊቴን አይታ፣ «ምነው አባቴ፣ ውኃ ላምጣልህ?» አለችኝ። ውኃውን ጠጥቼ ወጣሁ። ስመለስ መንገዱ ላይ መኪና አልነበረም፤ ባጃጁ ብቻውን ሲጮህ ይሰማኝ ነበር።

ሐይማኖት፣ እኔ የተማርኩት ስምንተኛ ክፍል ድረስ ነው፤ ብዙ ነገር አይገባኝም። ይህ ግን ገብቶኛል። ይልማ ዕቃውን ለአንቺ ሊሰጥሽ አይደለም የያዘው። ለአንቺ የሚሰጥ ቢሆን በመጀመሪያው ቅዳሜ በሰጠሽ ነበር። የያዘው ለማህሌት ነው። ስትሄዱ አራት ዓመቷ ነበር፤ የእሱን ፊት ረስታው ይሆናል፣ መጋረጃውን ግን አትረሳውም። አንቺ ዓይንሽን ካሜራው ላይ አድርገሽ መብራቱን ስትጠብቂ፣ እሱ ደግሞ አንቺ ዞር የማትይበትን ጊዜ ይጠብቃል። ቅዳሜ ደግሞ ከየከተማው ሰው ይመጣል ብለሻል፤ ማን ከማን ጋር እንደወጣ ማን ያያል? እኔ ወፍ ለሚያጠምድ ሰው ጥሬውን በገዛ እጄ ቋጥሬ ሰጠሁት። ስጸልይ እንኳ ይህ ነገር ከፊቴ አይነሣም። ግን ስለ እኔ ማዘኑን ለሌላ ጊዜ እናቆየው፤ አሁን ጊዜው የእኔ አይደለም።

ይህን ደብዳቤ አንብበሽ ሳትጨርሺ ፖሊስ ጋ ሂጂ። እዚያ አገር ፖሊስ ሰው ሳይሞትም ይሰማል ሲባል እሰማለሁ። ያችን ቀይ የታየባትን ፎቶ አሳዪያቸው፤ ኤደን ብቻዋን ለይታ ከደብዳቤው ጋር እንድትልክልሽ አድርጌያለሁ። ሌሎቹንም አንዳቸውንም እንዳታጠፊ፣ የከፉትን ሳይቀር። ለማህሌት አስተማሪዎችም፣ በረዶ ላይ ለሚያሠለጥኗትም መልኩን አሳዪያቸው። ሥራው ቢቀር ይቅር። ከማዕዘኑ አትነቃነቂ ያልኩሽንም ተይው፤ ወደፊት ወደዚያ ቤት ከተመለስሽ በየጊዜው ቦታሽን ቀያይሪ። ፎቶው ይበላሽ።

እግዚአብሔር መንገዱን ይክፈትልኝ። አብዱልመሊክ ነገ ማለዳ እንነሣለን ብሏል፤ ትናንትም እንዲሁ ብሎ ነበር። ቅዳሜ ሳይደርስ ይህ ወረቀት እጅሽ እንዲገባ ሚካኤልን ለምኛለሁ። እትዬ ሐጂራም በበኩላቸው በሶላታቸው እየለመኑ ነው። «አንተ በዚያ፣ እኔ በዚህ፤ አንዱ ይሰማናል» ብለውኛል። ሰላምታ አቅርብልኝ፣ ስፌቴን ይቅር ትበለኝ በልልኝ ብለዋል። ኤደን በናፍቆት ትስምሻለች፤ ይህን ሁሉ ስታነብ እንደምትደነግጥ አውቃለሁና አጽናኛት።

አብራሽ ለምትኖረው ለፈይዛ እጅግ የከበረ ሰላምታዬን አቅርቢልኝ። አንቺ ሥራ ስትሆኚ ማህሌትን ከትምህርት ቤት የምታመጣት እሷ ስለሆነች ደብዳቤውን ሳትደብቂ አንብቢላት። የይፋት ልጅ ናት፤ ነገሩ ምን እንደሆነ ሳታስረጃት ይገባታል።

ለማህሌት ሁለት ጉንጯን ሳሚልኝ። ከሳምሻት በኋላ አጠገብሽ አስቀምጠሽ የምልሽን ንገሪያት። ማንም ሰው፣ አማርኛ ቢናገር፣ ስሟን ቢያውቅ፣ ቀዩን መጋረጃ ይዞ «ጋሼ ተክሌ ልኮልሽ ነው» ቢላት፣ ጋሼ ምንም አልላከልኝም ብላ ጮሃ ትሩጥ። እንዲህ ብላ እስክትለምደው ደጋግማ ትበለው። ብታለቅስም አስደግሚያት። ጋሼ ረሳኝ ወይ ብላ ከጠየቀችሽ ዝም በያት እንጂ አልረሳሽም አትበያት። በስሜ የሚመጣን ከምታምን ረሳኝ ብላ ብታዝን ይሻላል። እኔ በገዛ ድምፄ ደውዬ እስክነግርሽ ድረስ በስሜ የመጣ ሁሉ ከእኔ አይደለም።

ወንድምሽ ተክሌ

ሸዋ ሮቢት፣ ታኅሣሥ ፲፬ ቀን ፳፻፲፰ ዓ.ም.